የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሁለት አይሲ ለአንድ ስፒከር

ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው። ይኸውም በቤት ውስጥ በሚሠራ አምፕሊፋየር ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የማጉያ አይሲዎችን (ሙሉ የማጉያ ሰርኪዩት በአንድ ቁራጭ ውስጥ የያዙ ክፍሎችን) በትይዩ፣ የሙያው ሰዎች በተለምዶ እንደሚሉት «ፓራለል» አድርጎ ስለ ማገናኘት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የሌሎቹንም ሥር የያዘ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰንለታል።

ጥያቄ፦ በኤልኤም3886 አይሲ የሠራሁት አምፕሊፋየር አለኝ። የምጠቀመው ±28 ቮልት ሲሆን፣ በ8 ኦም ስፒከር ያለ ችግር ይሠራል። ድምፁ ከፍ እንዲልልኝ በማሰብ ሁለተኛ አይሲ ከነራሱ የፊድባክ ሬዚስተሮች (ከውፅዓቱ ጥቂቱን ወደ ግብዓት እየመለሱ የማጉላት መጠኑን ከሚወስኑት) ጋር ሠርቼ ግብዓቱን ከግብዓት፣ ውፅዓቱንም ከውፅዓት ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁ። ገና ስፒከር ሳላስገባና ሙዚቃም ሳልከፍት ሁለቱም አይሲዎች እጅ እስከማያስነኩ ድረስ ጋሉ። ለየብቻቸው ስሞክራቸው ግን ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ስህተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስህተቱ ከብየዳዎ ወይም ከአይሲዎቹ ሳይሆን ሁለቱ አይሲዎች እኩል ናቸው ተብሎ ከተወሰደው ግምት ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሣጥን የወጡ ቢሆኑም እንኳ ሁለት አይሲዎች ፈጽሞ እኩል አይሆኑም፤ ልዩነታቸው ለየብቻ ሲሠሩ የማይታይ ሲሆን፣ ውፅዓታቸው በሽቦ ሲታሰር ግን ወደ ትግል ይለወጣል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ግብዓቱ ዜሮ ሆኖ ሳለ በማንኛውም ማጉያ ውፅዓት ላይ ጥቂት የዲሲ ቮልቴጅ ይቀራል፤ ይህን ኦፍሴት እንለዋለን። በኤልኤም3886 ግብዓት ላይ ኦፍሴቱ በአብዛኛው 1 ሚሊቮልት ገደማ ሲሆን፣ አምራቹ የሚፈቅደው ጣሪያ 10 ሚሊቮልት ነው። ፊድባክዎ 20 ኪሎ ኦምና 1 ኪሎ ኦም ከሆነ አይሲው 21 ጊዜ ያጎላል፤ ስለዚህ 1 ሚሊቮልቱ በውፅዓት ላይ 21 ሚሊቮልት ይሆናል። የአንዱ አይሲ ኦፍሴት ወደ ፖዘቲቭ፣ የሌላው ወደ ኔጋቲቭ ያዘነበለ ከሆነ በሁለቱ መካከል 42 ሚሊቮልት አለ ማለት ነው። ይህ ለስፒከር ኢምንት ነው። ነገር ግን እርስዎ በሁለቱ መካከል ያስቀመጡት አጭር ሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦውና ብየዳው በድምሩ 0.01 ኦም ቢኖራቸው፣ 42 ሚሊቮልት በዚያ ላይ ከ4 አምፔር በላይ ያስኬዳል። አንዱ አይሲ ይህን ሁሉ ከፖዘቲቩ መስመር ስቦ ይገፋል፣ ሌላው ደግሞ ተቀብሎ ወደ ኔጋቲቩ ያወርዳል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 28 ቮልት ስለተሸከሙ አንዱም ሌላውም ከ100 ዋት በላይ ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። ሙዚቃ ሳይኖር እጅ የማያስነኩ የሆኑት ለዚህ ነው። እስካሁን በሕይወት የቆዩትም በውስጣቸው ያለው የመከላከያ ሰርኪዩት ስላዳናቸው ብቻ ነውና ሙከራውን እንደዚያው አይድገሙት።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ አይሲ የውፅዓት እግርና ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ መካከል 0.1 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱ አይሲዎች የሚተያዩት በ0.2 ኦም በኩል ስለሚሆን ቀድሞ የጠቀስነው 42 ሚሊቮልት ከ4 አምፔር ወደ 0.21 አምፔር ይወርዳል። ፊድባኩ የሚወሰደው ከሬዚስተሩ በፊት፣ ማለትም ከራሱ ከአይሲው እግር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም አይሲዎች ፊድባካቸውን ከመገናኛው ነጥብ ከወሰዱ እያንዳንዱ ያንን ነጥብ ወደ ራሱ ለመጎተት ስለሚታገል የሬዚስተሩ ጥቅም ይጠፋል። ስለ ዋት መጠን ብዙ አይጨነቁ፦ በ4 ኦም ስፒከር ላይ 100 ዋት ሲወጣ ጠቅላላው ጅረት 5 አምፔር፣ የእያንዳንዱ አይሲ ድርሻ 2.5 አምፔር ስለሚሆን ሬዚስተሩ ላይ የሚባክነው 0.63 ዋት ያህል ነው፤ ባለ 3 ዋት ከበቂ በላይ ነው። 0.1 ኦም ካላገኙ አሥር ባለ 1 ኦም ሬዚስተሮችን በትይዩ ማሰር ያው ነው።

ሁለተኛውና ሰዎች የሚዘሉት ክፍል የማጉላት መጠኑን እኩል ማድረግ ነው። ሙዚቃ ሲጀምር ኦፍሴቱ ቀርቶ ዋናው የልዩነት ምንጭ ይህ ይሆናል። የተለመዱት 1 ከመቶ ልዩነት የሚፈቀድላቸው ሬዚስተሮች ዕድል ከጠመመ በሁለቱ አይሲዎች መካከል ወደ 3.8 ከመቶ የሚደርስ የማጉላት ልዩነት ያመጣሉ። ውፅዓቱ 20 ቮልት ጫፍ ላይ ሲደርስ ይህ 0.76 ቮልት ነው፤ በ0.2 ኦም ላይ 3.8 አምፔር ያስኬዳል። ይህ ጅረት ወደ ስፒከሩ አይደርስም፤ ከአንዱ አይሲ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። በ0.1 ከመቶ ሬዚስተሮች ግን በከፋው ሁኔታ እንኳ 0.38 አምፔር ብቻ ይሆናል። 0.1 ኦሙ ትንሽ ልዩነትን የሚያቻችል እንጂ ትልቅ ልዩነትን የሚሸፍን አይደለም።

የ0.1 ከመቶ ሬዚስተር ውድ ሆኖብኛል የሚል አንባቢ ተራውን 1 ከመቶ መርጦ ማጣመር ይችላል። ሬዚስተሮችን አንድ በአንድ በኦም መለካት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ለእኛ የሚያስፈልገን የሬዚስተሩ ትክክለኛ ዋጋ ሳይሆን የሁለቱ ጥንዶች ንጽጽር ነው። አንድ 20 ኪሎ ኦምና አንድ 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ ያስሩ፤ ሁለተኛውን ጥንድም እንዲሁ። ሁለቱን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ላይ ያድርጉ፣ የ20 ኪሎ ኦሞቹ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ፣ የ1 ኪሎ ኦሞቹ ጫፍ ወደ ኔጋቲቭ ይሁን። በእያንዳንዱ ሰንሰለት መገናኛ ላይ 429 ሚሊቮልት ያህል ይኖራል። አሁን መልቲሜትሩን በ200 ሚሊቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ከአንዱ መገናኛ ወደ ሌላው ይለኩ፤ የሚያነቡት ቁጥር ልዩነቱን ብቻ ነው። የማጉላቱ ልዩነት 0.1 ከመቶ ሲሆን ንባቡ 0.43 ሚሊቮልት ስለሆነ፣ ርካሽ መልቲሜትር እንኳ ይህን ያሳያል። ባትሪው ቢደክም ወይም መልቲሜትሩ ጥቂት ቢዋሽ ውጤቱ ብዙም አይዛባም።

እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ይህን ስሠራ መጀመሪያ ያነሣኋቸው አራት ሬዚስተሮች 1.9 ሚሊቮልት አሳዩኝ፤ ይህ 0.44 ከመቶ ነው። አንዱን 1 ኪሎ ኦም ስቀይረው ወደ 0.6 ወረደ፤ ሁለተኛውን ስቀይረው ደግሞ 0.2 ላይ ቆመ፤ ከ0.05 ከመቶ በታች ማለት ነው። እዚያው አራቱንም በማጣበቂያ ወረቀት ጠቅልዬ የየትኛው ጥንድ እንደሆኑ ጻፍኩባቸው። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ ሬዚስተሩን በጣት ይዞ መለካት አይገባም። የጣት ሙቀት ብቻውን ንባቡን ሲያንሸራትተው ዐይንዎ እያየ ነው፤ ከነካኩት በኋላ ጥቂት ይጠብቁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ደስ የማይል ነገር ልነግርዎ ነው። እርስዎ ያለዎት 8 ኦም ስፒከርና ±28 ቮልት ከሆነ፣ ሁሉንም በትክክል ቢሠሩም ድምፁ አይጨምርም። በትይዩ ማገናኘት የሚጨምረው ጅረትን እንጂ ቮልቴጅን አይደለም። በ±28 ቮልት አንድ ኤልኤም3886 በ8 ኦም ላይ 38 ዋት ይሰጣል፤ የሚገድበው የኃይል ሰጪው ቮልቴጅ ስለሆነ ሁለተኛ አይሲ ቢጨመርም በዚያው ስፒከር ላይ ያው 38 ዋት ገደማ ነው። ስፒከሩ 4 ኦም ቢሆን እንኳ በ±28 ቮልት አንዱ ብቻውን 68 ዋት ስለሚሰጥ ሁለቱ ተጣምረው 76 ዋት ቢያመጡ ጆሮ አይለየውም። በትይዩ ማገናኘት ዋጋ የሚኖረው ቮልቴጁ ወደ ±35 ሲነሣና ስፒከሩ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ አይሲ ስፒከሩን እንደ 8 ኦም ስለሚያየው 50 ዋት፣ በድምሩ 100 ዋት በሰላም ይሰጣሉ። እዚያው ቮልቴጅ ላይ አንድ አይሲ ብቻውን 4 ኦም ቢሸከም በሙቀት ይሸነፋል። እንግዲህ አይሲ ከመግዛትዎ በፊት ስፒከርዎን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሁለት አይሲ በትይዩ አድርጌ፣ 0.1 ኦም ሬዚስተሮችንም አስገብቼ፣ የፊድባክ ሬዚስተሮቹንም ለክቼ መርጬ ሠርቻለሁ። በመካከለኛና በቀጭን ድምፅ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ባዝ የበዛበት ሙዚቃ ከፍ ሳደርግ ግን ድምፁ እየተንጫጫ ይቆራረጣል። ኃይል ሰጪዬ በቂ ነው፤ ቮልቴጁ እንደማይወርድ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሥር 22 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አለ።

መልስ፦ ስለ ካፓሲተሩ መጥቀስዎ ብዙ ጊዜ አትርፎልናል፤ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ይህ ካፓሲተር የሚገባው ለዲሲ የማጉላት መጠኑን ወደ 1 ለማውረድ፣ በዚያም ኦፍሴቱ 21 ጊዜ እንዳይባዛ ለማድረግ ሲሆን፣ ለአንድ አይሲ ግሩም ብልሃት ነው። ለሁለት ሲሆን ግን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ 20 ከመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዛነፉ እንደሚፈቀድላቸው መታወስ አለበት። አንደኛው 17.6፣ ሌላው 26.4 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ አንዱ ባዙን መቁረጥ የሚጀምረው በ9 ሄርትዝ፣ ሌላው በ6 ሄርትዝ ይሆናል። ሁለቱም ከምንሰማው በታች ስለሆኑ ምንም የማያመጡ ይመስላሉ። ችግሩ ግን ከመጠኑ ይልቅ በጊዜው ላይ ነው፤ የአንዱ ሞገድ ከሌላው ጥቂት ቀድሞ ስለሚደርስ በ40 ሄርትዝ ላይ በሁለቱ ውፅዓቶች መካከል ያለው ቅጽበታዊ ልዩነት ወደ 7 ከመቶ ይደርሳል። 20 ቮልት ጫፍ ላይ ይህ 1.4 ቮልት ነው፤ በእርስዎ 0.2 ኦም በኩል ደግሞ 7 አምፔር ያህል ያስኬዳል። በ1000 ሄርትዝ ልዩነቱ 0.3 ከመቶ ብቻ ስለሆነ መካከለኛው ድምፅ ንጹሕ ሆኖ ይሰማዎታል። የሚሰሙት መንጫጫት የአይሲዎቹ መከላከያ እየገባና እየወጣ የሚያሰማው ነው።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ስፒከሩን አውጥተው 40 ሄርትዝ ድምፅ በመጠኑ ያስገቡ፤ መልቲሜትሩን በኤሲ ላይ አድርገው ከአንዱ አይሲ የውፅዓት እግር ወደ ሌላው የውፅዓት እግር ይለኩ። ከዚያ ድምፁን ወደ 400 ሄርትዝ ይቀይሩ። ንባቡ ከ40 ወደ 400 ሲሄድ ብዙ ጊዜ እጥፍ ከወረደ ምክንያቱ ካፓሲተሩ ነው፤ በሁለቱም ላይ እኩል ከሆነ ደግሞ ሬዚስተሮቹን ዳግመኛ ይመልከቱ።

ለማስተካከል እኔ የምመክረው ሁለቱን ካፓሲተሮች አውጥቶ የ1 ኪሎ ኦሞቹን ጫፍ በቀጥታ ወደ ሲግናል ግራውንድ (የግብዓቱ ዜሮ ቮልት መነሻ ነጥብ) ማገናኘት ነው። ዲሲ ከውጭ እንዳይገባ ለሁለቱም አይሲዎች የጋራ የሆነ አንድ የግብዓት ካፓሲተር ይበቃል፤ የጋራ ስለሆነ ቢዛነፍም ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ በመካከላቸው ልዩነት አይፈጥርም። እዚህ ላይ የሚከፈለው ዋጋ ኦፍሴቱ 21 ጊዜ መባዛቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከማጣመርዎ በፊት የእያንዳንዱን አይሲ የውፅዓት ዲሲ ለየብቻ ይለኩ፤ ብዙ አይሲ ካለዎት ንባባቸው በ10 ሚሊቮልት ውስጥ የሚቀራረበውን ጥንድ ይምረጡ። ያኔ በመካከላቸው የሚዞረው ጅረት ከ50 ሚሊአምፔር አያልፍም። የሚቀራረብ ጥንድ ካልተገኘ ካፓሲተሮቹን ወደ 470 ማይክሮፋራድ ወይም ከዚያ በላይ ማሳደግ ይቻላል፤ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ከዚህ የተሻለ ትክክለኛነት የሚሻ ሰው በእያንዳንዱ አይሲ ላይ ኦፍሴቱን እየተከታተለ ዜሮ የሚያደርግ ሰርቮ በትንሽ ኦፕአምፕ (አነስተኛ ሲግናል በሚያጎላ አይሲ) መሥራት ይችላል፤ ለሁለት አይሲ ግን እኔ ልፋቱ አያዋጣም እላለሁ፤ ለአራትና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ጥያቄ፦ ስፒከሬ 8 ኦም ነው። በትይዩ ማገናኘት ካልጠቀመኝ ሁለቱን አይሲዎች በብሪጅ ላገናኛቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ለ8 ኦም የሚስማማውም እርሱ ነው። በብሪጅ ጊዜ አንዱ አይሲ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ በስፒከሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ አይሲ 8 ኦሙን እንደ 4 ኦም ያየዋል፤ ስለዚህ ቮልቴጁን ከ±28 በላይ አያስነሡት። የ4 ኦም ስፒከር በብሪጅ ላይ ለማስገባት ግን አያስቡ፤ እያንዳንዱ አይሲ 2 ኦም ይሸከማል ማለት ነውና። ጅረቱንም ቮልቴጁንም ለማግኘት በእያንዳንዱ ጎን ሁለት አይሲ በትይዩ፣ ሁለቱን ጎኖች ደግሞ በብሪጅ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ጎን ለጎን የሚጣመሩት አይሲዎች ከላይ ያልነው የመመሳሰል ሕግ ሁሉ ይመለከታቸዋል።

ጥያቄ፦ ለሁለት አይሲ የሚሆን ሂት ሲንክ (ሙቀት ማስወገጃ ብረት) ለአንድ ከሚሆነው ምን ያህል ሊያንስ ይችላል? ሙቀቱ በሁለት ስለተከፈለ ትንሹ የሚበቃ መሰለኝ። በቦርዱ ላይስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሙቀቱ ተከፈለ እንጂ አልቀነሰም። ማጉያው በከፋው ጊዜ የሚያባክነው ሙቀት በዋት የሚሰላው ጠቅላላውን ቮልቴጅ በራሱ አባዝቶ፣ ለ19.74 እና ለስፒከሩ ኦም በማካፈል ነው። ±35 ቮልት ማለት በጠቅላላው 70 ቮልት ስለሆነ በ4 ኦም ላይ 62 ዋት ይመጣል። ይህን አንድ አይሲ ሊሸከመው አይችልም፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ለእያንዳንዱ 31 ዋት ይደርሰዋል። ከአይሲዎቹ ወጥቶ ወደ ሂት ሲንኩ የሚገባው ድምር ያው 62 ዋት ነው። የአይሲው ውስጥ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ፣ የአካባቢው አየርም በሣጥኑ ውስጥ 40 ዲግሪ ነው ብለን፣ ከአይሲው ልብ እስከ ሂት ሲንኩ ድረስ 1.5 ዲግሪ በዋት ብንይዝ፣ ለሁለቱም የጋራ የሆነ ሂት ሲንክ በዋት ከ1 ዲግሪ የማይበልጥ መሆን አለበት። ሁለቱንም በአንድ ሂት ሲንክ ላይ፣ ሳይራራቁና ሳይጣበቁ ያድርጓቸው፤ እኩል ሲሞቁ ባሕርያቸውም አብሮ ይቀያየራል። ጀርባው ብረት የሆነው ዓይነት ብረቱ ከኔጋቲቩ መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ማይካ ወይም ሌላ መከለያ ያስፈልገዋል፤ ጀርባው በፕላስቲክ የተሸፈነው ዓይነት ግን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ብቻ ይበቃዋል።

ስለ ቦርዱ ከሁሉ የሚብሰው ግራውንድ ነው። የሁለቱም አይሲዎች 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችና የግብዓቱ ግራውንድ በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ፤ ከዚያ ነጥብ አንድ ሽቦ ብቻ ወደ ዋናው ግራውንድ ይሂድ። የስፒከሩ መመለሻና የትላልቆቹ ካፓሲተሮች ጅረት በዚህ ነጥብ በኩል ካለፈ፣ በጥቂት ሴንቲሜትር መዳብ ላይ የሚፈጠረው ሚሊቮልት ለአንዱ አይሲ ከሌላው የተለየ ግብዓት ሆኖ ስለሚደርሰው፣ ሬዚስተሮችን በመምረጥ የደከሙበት ሁሉ ይፈርሳል።

እያንዳንዱ አይሲ በኃይል እግሮቹ አጠገብ የራሱ 0.1 ማይክሮፋራድና የራሱ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ይኑረው፤ አንዱ ከጎረቤቱ ይዋስ ማለት አይሠራም። በኤልኤም3886 ላይ የፖዘቲቩ መስመር በእግር 1 እና በእግር 5 ላይ መግባቱን አይርሱ፤ አንዱን ብቻ አገናኝተው አልሠራልኝም የሚሉ ብዙ ናቸው። የድምፅ መዝጊያው እግር 8 ነው፤ አይሲው ድምፅ እንዲያወጣ ከዚህ እግር ቢያንስ 0.5 ሚሊአምፔር ወደ ኔጋቲቩ መስመር መሳብ አለበት። ለሁለት አይሲ አንድ ሬዚስተር ሲጋሩ ጅረቱ ስለሚከፈል አንዱ ተከፍቶ ሌላው ሊዘጋ ይችላልና፣ ለእያንዳንዱ 47 ኪሎ ኦም ሰጥተው ማብሪያውን ብቻ የጋራ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ነገር ቲዲኤ7293 ለተባለው የማጉያ አይሲም ይሠራል? ዲጂታል ለሚባሉት የክላስ ዲ ቦርዶችስ?

መልስ፦ ቲዲኤ7293 ይህ ጣጣ አያስፈልገውም። አምራቹ ለትይዩ ሥራ ሲል የመጨረሻውን የኃይል ክፍል ከፊተኛው ለይቶ ሠርቶታል፤ አንዱ አይሲ አለቃ ሆኖ የሌላውን የኃይል ክፍል በቀጥታ ይነዳል፣ ተከታዩ የራሱ የፊት ክፍል ይዘጋል። ሁለት የተለያዩ ፊድባኮች ስለሌሉ የሚታገሉበት ነገር የለም። ተከታዩን የማገናኛው መንገድ በሰነዱ ላይ እግር በእግር ስለተገለጸ ከዚያ ዝንፍ አይበሉ።

የክላስ ዲ አይሲዎችን ግን ውፅዓታቸውን በሬዚስተር አጣምሮ ማሰር ፈጽሞ አይሞከርም። ውፅዓታቸው በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የሚቀያየር ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት በተቃራኒ ዳር ከቆሙ መካከላቸው ያለው ሚሊቮልት ሳይሆን ሙሉው የኃይል ቮልቴጅ ነው። እንደ ቲፒኤ3116 ያሉት ሁለቱን ቻናሎቻቸውን በራሳቸው ውስጥ አንድ የሚያደርጉበት ስልት አላቸው፤ ያም በአንድ አይሲ ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ለማብራት ግን ፈራሁ። በምን ቅደም ተከተል ልጀምር?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል። በመጀመሪያ ሁለቱንም 0.1 ኦም ሬዚስተሮች በአንድ ጫፋቸው ይንቀሉ፤ ማለትም አይሲዎቹ አሁን አይተዋወቁም። በትራንስፎርመሩ መግቢያ ላይ ባለ ክር የሚግል አምፖል፣ ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ፣ በተከታታይ ያስገቡ። ሲያበሩት አምፖሉ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ድረስ ቦግ ብሎ ወዲያው መደብዘዝ አለበት። ቦግ እንዳለ ከቀረ ያጥፉና አጭር ግንኙነት ይፈልጉ፤ ይህን ያደረገ ሰው አይሲ ሳይሆን ጊዜ ብቻ ነው የሚያጠፋው። የአምፖሉ ብርሃን ከደበዘዘ ደግሞ የእያንዳንዱን አይሲ የውፅዓት ዲሲ ለየብቻው ይለኩ፣ ይጻፉት፤ አንዱ ከ100 ሚሊቮልት ካለፈ ወደ ፊት አይሂዱ።

ከዚያ አጥፍተው፣ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን ለክተው፣ ሬዚስተሮቹን መልሰው ይበይዱ። ስፒከሩ አሁንም አልገባም፣ የግብዓቱ ሽቦም ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷል። እንደገና አብርተው ዲሲውን በአንዱ 0.1 ኦም ሬዚስተር ሁለት ጫፎች ላይ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ ይለኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀዩን መለኪያ በአይሲው በኩል ያድርጉት። ከአንዱ የወጣው ጅረት ሁሉ ወደ ሌላው ስለሚገባ ሁለቱ ንባቦች መጠናቸው እኩል፣ ምልክታቸው ተቃራኒ መሆን አለበት፦ አንዱ 4 ሚሊቮልት ሲል ሌላው ከዜሮ በታች 4 ሚሊቮልት ያነብባል። መጠናቸው ካልተመሳሰለ ጅረቱ ሌላ መውጫ አግኝቷል፣ ወይም አንዱ ሬዚስተር 0.1 ኦም አይደለም ማለት ነው። እስከ 10 ሚሊቮልት ድረስ በመካከላቸው የሚዞረው 100 ሚሊአምፔር ስለሆነ አምፖሉን አውጥተው ስፒከሩን ማስገባት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሬዚስተሮቹን እንደገና ይንቀሉና ቀድሞ ወደ ጻፉት የኦፍሴት ቁጥር ይመለሱ።